ደሴቲቱ የት ናት? የዴቮን ጠረፍ በልብ ወለድና በታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የመጨረሻ ቅጠሎቹ የተገነጠሉ አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በመኝታ ቤታችን ከአልጋ አልጋ ሲዞር የኖረ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠጋገነ፣ መጀመሪያ ማን እንደገዛው የማይታወቅ ነው። ደራሲዋ እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ ስትሆን፣ ድርሰቱም በ1939 የወጣው «ከዚያም አንድም አልቀረም» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሥር ሰዎች፣ ስምንቱ በእንግድነት ሁለቱ በአገልጋይነት፣ ወደ አንዲት ደሴት ይጠራሉ። ጋባዡ ግን የለም። ባሕሩ ይናወጣል፤ ጀልባው ይቀራል፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ ይሞታሉ። ገዳዩ የሚታወቅባቸው ገጾች ደግሞ የሉም!

ከፊሎቻችን ተናደድን። ከፊሎቻችን ሌላ ቅጂ ፍለጋ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበት ሠፈር ወረድን። በዚህ መካከል ከመካከላችን አንዱ፣ «ገዳዩን ተዉት እስቲ፤ ለመሆኑ ይህች ደሴት የት ናት?» ብሎ ጠየቀ። «የትም አይደለችም፤ ልብ ወለድ እኮ ነው» አልነው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጥያቄው እያደር ሲከነክነን ሰነበተና፣ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነውን ይኸው ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን ነን። አገራችንም ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የምናገኘው ባሕር ለብዙዎቻችን ተረት ውስጥ እንዳለ ባሕር ነው፤ ይናወጣል፣ ይረጋል፣ ጀልባ ያመጣል፣ ጀልባ ይወስዳል። ሆኖም ታሪክና ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን የምንል ከሆነ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል። ደራሲዋ ከእውነተኛው ጠረፍ ምን ወሰደች? ምን ለወጠች? ምንስ ሳታይ አለፈች? ገዳዩን ስለማንናገር፣ መጽሐፉን ገና ያላነበባችሁ ሳትሰጉ ተከተሉን።

በቅድሚያ ስለ ድርሰቱ ዓይነት ጥቂት እንበል። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ብዙ መልክ አለው። ከእነዚህ መካከል አንዱ ለስላሳ ልንለው የምንችለው ነው። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሰው ይገደላል፣ ደም ግን ብዙም አይታይም። ነገሩ የሚደርሰው ሰዎች እርስ በርስ በሚተያዩበት ጠባብ ቦታ፣ በመንደር፣ በሆቴል ወይም በደሴት ነው። መርማሪው በጡንቻው ሳይሆን በአእምሮው ይሠራል፤ ሻዩን እየጠጣ ያስባል። በመጨረሻ ምሥጢሩ ይፈታል፣ ጥፋተኛው ይታወቃል፣ የተናጋው ሥርዓት ወደ ቦታው ይመለሳል። አንባቢም መጽሐፉን አጥፎ በሰላም ይተኛል። እርግጥ የእኛው የተቀደደ መጽሐፍ ከዚህ ወገን ጨለምተኛው ነው፤ ሻይ እየጠጣ የሚያስብ መርማሪም የለውም። ነገር ግን ቤቱም፣ እንግዶቹም፣ ባሕሩም ያው ናቸው።

ጠረፉ መዝናኛ ሲሆን

ዴቮን በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፣ ደቡባዊ ጠረፉ በገደልና በትናንሽ የባሕር ሰርጦች የተቆራረጠ አገር ነው። ሕዝቡ ለብዙ ዘመን የኖረው በእርሻ፣ በዓሣ ማስገርና በመርከብ ሥራ ሲሆን፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ በሌሊት ማሳለፍም ያልተለመደ አልነበረም። ቶርኪ የምትባለው ከተማ ትንሽ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረች። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች በአጠገቧ ባለው ሰፊ የባሕር ሰርጥ ይጠለሉ ጀመር። የመኮንኖቹ ቤተሰቦች መጥተው ሰፈሩ። ሀብታሞችም ጦርነቱ ወደ አውሮፓ መሄጃ ስለነሣቸው እዚያው አገር ውስጥ ሞቅ ያለ ጠረፍ ፈለጉ። ናፖሊዮን ራሱ በ1815 ተሸንፎ እጁን ከሰጠ በኋላ ቤለሮፎን በምትባል መርከብ ተጭኖ ወደዚሁ ሰርጥ በመጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ በትናንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ሊያየው ይጋፋ ነበር ይባላል።

ቀጥሎ የሳምባ ሕመምተኞች ለአየሩ ሲሉ መጡ። በ1848 ደግሞ ባቡር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቶርኪ የመንደር ጠባይዋን ለቀቀች። በ1866 ኢምፔሪያል የተባለው ትልቅ ሆቴል በገደሉ አናት ላይ ተከፈተ፤ አትክልቱ፣ መናፈሻው፣ የሙዚቃ ሰገነቱ ተከታተለ።

ይህ ሁሉ ለልብ ወለድ ምን ይጠቅማል? ነገሩ እንዲህ ነው። ባላገር መንደር ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የአያቱ ስም ሳይቀር ይታወቃል። የጠረፍ ሆቴል ውስጥ ግን ሰው «ኮሎኔል ነኝ» ካለ ኮሎኔል ነው፣ «ባሌ ሞቷል» ያለችም ባሏ ሞቷል። ማንም ማንንም አያውቅም፣ ሆኖም ሁሉም በአንድ ገበታ ይቀርባል። የሚያውቁት አገልጋዮች ናቸው፤ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ደብዳቤ የሚያደርሱ፣ በር የሚከፍቱ። እነሱን ደግሞ ከመርማሪው በቀር የሚጠይቃቸው የለም። የባቡርና የመዝናኛ ታሪክ ይህን ዓይነት ኑሮ ፈጠረ፤ የምርመራ ልብ ወለድ ደግሞ ተዘጋጅቶ ያገኘውን መድረክ ተጠቀመበት።

የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ

አጋታ ክሪስቲ በ1890 የተወለደችው በዚችው በቶርኪ ነው። ያደገችበት ቤት አሽፊልድ ይባል ነበር፤ ዛሬ የለም፣ በ1960ዎቹ ፈርሷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቶርኪ ማዘጋጃ ቤት የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሆኖ ሳለ በዚያ አስታማሚ ሆና ሠራች። ቀጥሎ ወደ መድኃኒት ቅመማው ክፍል ተዛወረች። እዚያ ከጠርሙሶቹ መካከል ቁጭ ብላ የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደሚያድን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚገድል ተማረች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በዚሁ ጊዜ ጀምራ በ1916 በዴቮን ደጋ ላይ ባለ ሆቴል ተቀምጣ ጨረሰችው። ይኸውም በ1920 የታተመው «የስታይልስ ምሥጢራዊ ጉዳይ» ነው። መርዙ ስትሪክኒን ሲሆን፣ አጠቃቀሙ ትክክል በመሆኑ የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት አመስግኗታል።

መርማሪው ኤርክዩል ፗሮስ ከየት መጣ? ጀርመን በ1914 ቤልጅግን ስትወር ብዙ ቤልጅጋውያን ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ ጥቂቶቹም ክሪስቲ በነበረችበት ሠፈር ተጠለሉ። ደራሲዋ እነሱን አይታ «ስደተኛ የሆነ ጡረተኛ ፖሊስ ቢሆንስ?» ብላ አሰበች። እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ጺሙን የሚቀባው፣ አንባቢን የሚያስቀው ትንሽ ሰው መነሻው አገሩ የተወረረበት ስደተኛ ነው። ወረራና ስደት ምን እንደሆነ ለኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ቶርኪ በመጻሕፍቷ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስሟን ለውጣ ትገባለች። ኢምፔሪያል ሆቴል በ1932 በወጣው «በኤንድ ሐውስ ያለው አደጋ» ውስጥ ማጀስቲክ ተብሎ፣ ከተማውም ሴንት ሉ ተብሎ፣ ከነገደሉ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት አገር ወደ ኮርንዎል ተዛውሯል። በ1936 «የኤ ቢ ሲ ግድያዎች» ውስጥ ግን የቶርኪ ጎረቤት የሆነችው ቸርስተን በእውነተኛ ስሟ ትገኛለች፤ ታሪኩ ፊደል ተከትሎ ስለሚሄድ የከተማውም ስም እውነተኛ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ደራሲዋ ስም የምትለውጠውና የማትለውጠው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ስም ስትለውጥ መንገዱንና ገደሉን እንደልቧ ታንቀሳቅሳለች፤ ስም ስትጠብቅ ደግሞ አንባቢ በባቡር መርሐ ግብር ሊከተላት ይችላል።

ባሕሩ በር ሲሆን

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ደሴቲቱ አለች። ስሟ በርግ ደሴት ሲሆን፣ ቢግበሪ ከተባለው የዴቮን ዳርቻ 250 ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ባሕሩ ሲጎድል በአሸዋው ላይ በእግር ይኬድባታል፤ ሲሞላ ትቆረጣለች። ውሃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየዕለቱ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይገፋል። ይህም የሚሆነው ባሕሩ ጨረቃን ስለሚከተል ነው። አንድ ሰው በዚህ ሰዓት ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም የሚለውን ነገር ባሕሩ ራሱ ይመሰክራል ማለት ነው። የሚዘጋና የሚከፈት በር፣ ያውም ማንም ሊሰርቅ የማይችለው ቁልፍ ያለው!

በደሴቲቱ አናት ላይ ዓሣ አስጋሪዎች የሚጠብቁበት የነበረ የድንጋይ ጎጆ ፍርስራሽ አለ። ጠባቂው ከዚያ ሆኖ ፒልቻርድ የተባለውን፣ ከሰርዲን ወገን የሆነ ዓሣ በመንጋ ሲመጣ ካየ ለጀልባዎቹ ይጮህ ነበር። በግርጌዋ ያለው አሮጌ መጠጥ ቤትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዓሣ ነው። በ1929 አርቺባልድ ኔትልፎልድ የተባለ ሀብታም በደሴቲቱ ላይ በዘመኑ አዲስ ፋሽን፣ ነጭና መስኮተ ሰፊ የሆነ ሆቴል ሠራ። እንግዶች በሙላት ጊዜ እንዳይቸገሩም በረጃጅም እግር ላይ የተቀመጠ፣ ውሃው ውስጥ የሚሄድ ትራክተር ተዘጋጀ፤ ልጁ የሆነ ትራክተር ዛሬም እንግዳ ያመላልሳል። ክሪስቲ በዚህ ሆቴል በእንግድነት አርፋለች።

ከዚህች አንዲት ደሴት ሁለት ደሴቶች አወጣች። በ1941 በታተመው «ከፀሐይ በታች ያለ ክፋት» ውስጥ (ርእሱን ከመጽሐፈ መክብብ የወሰደችው መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል) ደሴቲቱ ብዙ አልተለወጠችም። መሻገሪያው በሙላት ጊዜ ይሸፈናል፣ ሆቴሉ አለ፣ ትናንሽ ሰርጦች አሉ። እንግዶቹም በዚያን ጊዜ አዲስ ልማድ በነበረው በፀሐይ መሞቅ ተዘርረው ይውላሉ፤ ፗሮ ደግሞ ከነሙሉ ልብሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይታዘባቸዋል። ነገሩ ሁሉ የሚለካው በደቂቃ ነው። ማን የት ነበር? በስንት ሰዓት? የባሕሩ ሰዓት ከሰው ሰዓት ጋር ይመሳከራል።

በእኛ የተቀደደ መጽሐፍ ውስጥ ግን ደራሲዋ ደሴቲቱን ከዳርቻው አራቀቻት። በእግር መሻገር ቀረ፣ በጀልባ ብቻ ሆነ። ለምን? መሻገሪያ ካለ የሞት ፍርሃት የሚቆየው ስድስት ሰዓት ነው፤ ውሃው ይጎድላልና። አሥሩን ሰዎች ተስፋ ለማስቆረጥ መሻገሪያውን መስረቅ ነበረባት። ቤቱን ግን አልጨለመችውም። ብዙ ደራሲ ቢሆን የሸረሪት ድር ያለበት አሮጌ ግንብ ይሠራ ነበር፤ እሷ ግን አዲስ፣ ብርሃን የሞላበት፣ መደበቂያ ጥግ የሌለው ዘመናዊ ቤት አደረገችው። ይህን የተማረችው ከበርግ ደሴት ነጭ ሆቴል ይመስለናል። ፍርሃቱ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ሊደበቅ ካልቻለ ገዳዩ ከመካከላችን ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልን። በ1941ዱ መጽሐፍ ውስጥ ደሴቲቱ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ደሴት ስትባል፣ ሆቴሉ የባሕር ወንበዴዎችን ባንዲራ ስም ይዟል። በደሃው ባላገር ዘንድ እስከ ስቅላት ያደርስ የነበረ ሥራ ለሀብታም እንግዳ ማስዋቢያ ሆነ። ለስላሳው ልብ ወለድ የጠረፉን ታሪክ የሚያስገባው በዚህ መልኩ ነው፤ አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በር ላይ ሰቅሎ።

የግሪንዌይ ግድግዳ

በ1938 ክሪስቲ በዳርት ወንዝ ዳር፣ ወንዙ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ግሪንዌይ የተባለውን ቤት በ6,000 ፓውንድ ገዛች። በ1956 የወጣው «የሙት ሰው ቂልነት» የሚፈጸመው በዚህ ቤት ነው፤ ስሙን ብቻ ለውጣለታለች። ሬሳው የሚገኝበት የጀልባ ቤት ዛሬም ከወንዙ ዳር ቆሞ ይታያል። በ2000 ቤተሰቧ ቤቱን ለብሔራዊ ቅርስ ማኅበር ሰጡ፤ ከ2009 ጀምሮ ውስጡ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ጎብኚው እየመጣ ያንን የጀልባ ቤት ያያል፤ በእርግጥ ሰው የሞተበት ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ልብ ወለድ ወደ ጠረፉ ሲመለስ የሚያደርገው ይህን ነው። ሌላ አገርም ያው ነው። በአሜሪካ ከ1984 እስከ 1996 የታየው «ነፍስ ግድያ ብላ ጻፈች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ የሚፈጸመው ካቦት ኮቭ በምትባል የሌለች ከተማ፣ በምሥራቅ ጠረፍ በሜይን ግዛት ነው። የውጭ ትዕይንቱ ግን በብዛት የተነሣው በሌላው ውቅያኖስ ዳር፣ በካሊፎርኒያዋ ሜንዶሲኖ ነው። እንዴት ምዕራቡ ምሥራቁን ሊመስል ቻለ ቢሉ፣ ሜንዶሲኖን በ1850ዎቹ የቆረቆሯት ከምሥራቅ ጠረፍ ለእንጨት ሥራ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ የአገራቸውን ዓይነት ቤት ሠርተው ነው። ዝግባው ተቆረጠ፣ ፖሞ የተባለው ነባር ሕዝብ መሬቱን አጣ፣ ቤቶቹ ቀሩ። ካሜራው ያየው ቤቶቹን ብቻ ነው።

ወደ ግሪንዌይ እንመለስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ቤቱን ተረክቦ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መኮንኖች ማረፊያ አደረገው። ከመኮንኖቹ አንዱ በመጻሕፍት ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የክፍላቸውን የጦርነት ጉዞ በሥዕል ዙሪያውን ሣለበት። ክሪስቲ ቤቷን ስትረከብ ሥዕሉ እንዳይጠፋ አደረገች፤ ዛሬም አለ። ጎብኚ ቀና ካለ ያየዋል።

ቀና ያለ ሰው ግን ሌላም ነገር መጠየቁ አይቀርም። ከግሪንዌይ ብዙ በማይርቀው በስላፕተን ዳርቻ በ1943 መጨረሻ 3,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው፣ ከብታቸውን ይዘው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲለቁ ታዘዙ። ዳርቻው በኖርማንዲ ከሚወረረው ጠረፍ ጋር ስለሚመሳሰል ለልምምድ ተፈለገ። ልብ በሉ፤ ጦሩም እንደ ደራሲዋ አንዱን ጠረፍ የሌላው ምሳሌ አደረገው። በኤፕሪል 28 ቀን 1944 ሌሊት የጀርመን ፈጣን ጀልባዎች ለልምምድ በመምጣት ላይ የነበሩ መርከቦችን አጠቁ፤ 749 አሜሪካውያን አለቁ። የወረራው ምሥጢር እንዳይወጣ ሲባል ነገሩ ታፈነ። በዳርቻው ላይ ዛሬ ከባሕር የወጣ አንድ ታንክ መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል፤ የቆመውም በ1984 ነው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ።

ሆልሳንድስን ማን ገደላት?

በዚያው ጠረፍ ላይ ግን ከዚህም በፊት የሆነ፣ የምርመራ ልብ ወለድ መልክ ያለው አንድ እውነተኛ ጉዳይ አገኘን። ሆልሳንድስ 37 ቤቶችና በ1891 ቆጠራ 159 ነዋሪዎች የነበሯት የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረች። ቤቶቹ በገደሉና በባሕሩ መካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ላይ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ከፊታቸው ያለው ከፍ ያለ የጠጠር ዳርቻ ማዕበሉን ይመክትላቸው ነበር።

በ1890ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በፕሊመዝ ያለውን የጦር መርከብ ማደሻ ለማስፋት ወሰነ። ለኮንክሪቱ ጠጠር ያስፈልግ ነበር። በ1897 አንድ የሥራ ተቋራጭ በመንደሩ ፊት ካለው ባሕር ጠጠር እንዲዝቅ ፈቃድ አገኘ። በጠቅላላው የተዛቀው 650,000 ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል። ነዋሪዎቹ «ዳርቻችን እየወረደ ነው» ብለው ጮኹ። «ባሕሩ ራሱ መልሶ ይሞላዋል» ተባሉ። ባሕሩ አልሞላውም፤ ጠጠሩ ጥንት የተከማቸ እንጂ በየዓመቱ የሚመጣ አልነበረም። በ1902 ፈቃዱ ሲሰረዝ ዳርቻው ከሁለት ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። በጃንዋሪ 26 ቀን 1917 የምሥራቅ ነፋስና የባሕር ሙላት በአንድ ሌሊት ተገናኙ። ሰው አልሞተም፤ መንደሩ ግን ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰው ሊኖርበት የሚችል አንድ ቤት ብቻ ቀረ።

በዚያች ሌሊት ወጣቷ አጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ጨርሳ፣ በዚያው ጠረፍ በቶርኪ መድኃኒት እየቀመመች ነበር።

ታዲያ ገዳዩ ማን ነው? ባሕሩ ነው ማለት ቀላል ነው። ባሕር አይከሰስም፣ ካሳም አይከፍልም። ነገር ግን ሆልሳንድስ የራሷ መርማሪ ነበራት። ሃንስፎርድ ዎርዝ የተባለ የፕሊመዝ መሐንዲስ ዳርቻውን በየጊዜው እየሄደ ለካ፤ ፎቶግራፍ አነሣ፤ የጠጠሩን መውረድ ከዝቂያው ጋር አመሳከረ። ፗሮ የሚያደርገው ይህንኑ አይደለም እንዴ? ሰዓትን ከሰዓት፣ ልክን ከልክ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። እዚህ ሁሉንም በአንድ ሳሎን ሰብስቦ «አንተ ነህ!» የሚል የለም። ካሳው ዓመታት ፈጅቶ በጥቂቱ መጣ፤ የተናጋው ሥርዓትም አልተመለሰም፤ ተቋራጩም፣ ፈቃድ ሰጪውም ሳይጠየቁ ታለፉ። አንዲት ሴት ብቻ በዚያች በቀረችው ቤት እስከ 1964 ኖረች።

ሃያ አንዱ ሰዎች

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን፣ «ልብ ወለድን ለምን በታሪክ ሚዛን እንከሳለን? ሰው ደክሞት የሚያነበውን እንኳ አትተዉለትም» አሉ። አባባሉ ውሸት አይደለም። እኛም ፈተና ሲያልቅ የምናነሣው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ወደ ተቀደደው መጽሐፍ ተመልሰን ስናገላብጠው፣ መጀመሪያ ስናነብ ያለፍነው አንድ ነገር አስቆመን።

በመጽሐፉ ውስጥ አሥሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሕግ ሊደርስበት ያልቻለ ነፍስ በማጥፋት ይከሰሳሉ። ከመካከላቸው ሎምባርድ የተባለው ሰው የተከሰሰው በፌብሩዋሪ 1932 ሃያ አንድ ሰዎች እንዲሞቱ በማድረግ ነው። እነዚህ ሃያ አንድ ሰዎች የምሥራቅ አፍሪቃ ሰዎች ናቸው። በበረሃ መንገድ ጠፍቷቸው ሳለ እሱና ባልደረቦቹ ያለውን ምግብ ይዘው ጥለዋቸው ሄዱ። ሰውየው አይክድም። ራሱን ማዳን ነበረበት፤ የአገሩ ተወላጆች ደግሞ ሞትን እንደኛ አይቆጥሩትም ይላል። አንዷ እንግዳ ተወላጆች ብቻ መሆናቸውን ስትናገር፣ ሌላዋ ደግሞ ጥቁርም ነጭም ወንድሞቻችን ናቸው ብላ ትገሥጻታለች፤ ይህች ገሣጭ ግን ራሷ ገረዷን ለሞት ያበቃች ናት። ደራሲዋ ግብዝነቱን አይታዋለች ማለት ነው፤ ያየችውን አንነሣትም። በአንጻሩ ይኸው መጽሐፍ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሲወጣ ርእሱም የደሴቲቱም ስም ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ነበረበት፤ በእንግሊዝ እትሞችም እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ቆይቷል። በእኛ እጅ ያለው ቅጂ ላይ ደሴቲቱ የወታደር ደሴት ትባላለች።

ታዲያ ጓደኛችን «ደሴቲቱ የት ናት?» ሲል ጠይቆ መልስ አገኘ። መልስ ሊገኝ የቻለው ደራሲዋ ደሴቲቱን ስላወቀቻት ነው። አለቱ ምን እንደሚመስል፣ ጀልባው ከየት እንደሚነሣ፣ የትኛው መስኮት ወደ የት እንደሚያይ ተጽፏል። ሃያ አንዱ ሰዎች የሞቱበት ቦታስ የት ነው? ወንዙ ምን ይባላል? ወረዳው? ጎሣቸውስ? በመጽሐፉ ውስጥ ቁጥር አላቸው፣ ስም የላቸውም። የዴቮን ጠረፍ በደቂቃና በሜትር ተለክቶ ሲቀርብ፣ የእኛ በኩል በረሃ ብቻ ተብሎ ቀረ።

እንግዲህ የደረስንበት ነገር ይህ ነው። እውነተኛ ቦታ ለልብ ወለድ መነሻ የሚሆነው ደራሲ ስላየው ብቻ አይደለም፤ ሊታይ ይገባዋል ብሎ ስላመነ ነው። በርግ ደሴት ታየች፣ ሁለት ጊዜ ተጻፈች። ግሪንዌይ ታየ፣ የጀልባ ቤቱ ሳይቀር። ሆልሳንድስ በዚያው ጠረፍ ላይ ሆና በክሪስቲ ዘንድ የልብ ወለድ መድረክ አልሆነችም፤ ፍርስራሿ ሻይ አይጠጣበትም። የምሥራቅ አፍሪቃው ስፍራ ደግሞ ከመነሻው ቦታ ሆኖ አልተቆጠረም። ለስላሳው ልብ ወለድ ሰላም የሚሰጠን አንድ ገዳይ ይዞ ስለሚያሳየን ነው። ታሪክ ደግሞ ፈቃድ ሰጪውን፣ ተቋራጩን፣ ምግቡን ይዞ የሄደውን እየቆጠረ እንቅልፍ ይነሣናል። ሁለቱንም ማንበብ አለብን ባዮች ነን፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

መጽሐፉን ለማስጨረስ ሌላ ቅጂ ተገኝቷል፤ ገዳዩንም አውቀናል። አሁን መጽሐፉ ያለው የክርክሩን ተቃራኒ ወገን ይዞ ከነበረው ጓደኛችን ዘንድ ነው። ትናንት ማታ ሻማ አብርቶ ሲያነብ አገኘነውና፣ «የት ደረስክ?» ብንለው፣ «ሎምባርድ ጋ» አለን። ከዚያ ጣቱን ገጹ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ፣ «ቆይ፣ እነዚህ ሃያ አንድ ሰዎች ከየት ናቸው?» ሲል ጠየቀ።